ቀስት የሌለው ስም

በዚህ ሳምንት በኮምፒዩተር ላብ ክፍለ ጊዜ መምህራችን ግድግዳው ላይ በየስሙ ጎን ትንሽ ቀስት ያለበት ዝርዝር አሳየን። “አትክልት” የሚለውን ሲነካው ከሥሩ ቲማቲም፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን ተዘረገፉ፤ “ፍራፍሬ” የሚለውን ሲነካው ሙዝና ፓፓያ ወጡ። የሞባይል አፕ የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለ ተከፋች ዝርዝር ሳይሠራ የሚውልበት ቀን እንደሌለ ነገረን። ከላይ ያለውን አባት፣ ከሥር የሚወጣውን ልጅ እያለ ነው የሚያስተምረን። ስሞቹ አፑ ውስጥ ተጽፈው የተቀመጡ አይደሉም፤ አፑ በተከፈተ ቁጥር ሰርቨር ከሚባለው ማዕከላዊ ኮምፒዩተር ይመጣሉ፤ ዛሬ ጥቂት የነበሩት ነገ ሊበዙ ይችላሉ። ከዚያ ጠየቀን። “ለአንዱ አባት ምንም ልጅ ባይመጣለትስ? ሰው ነክቶት ባዶ ቦታ ሲከፈት ያምራል?”

ከፊት የተቀመጠ ልጅ ወዲያው መለሰ። “ቀስቱን መደበቅ ነዋ። ቀስት ከሌለው ማንም አይነካውም።”

“ጎበዝ” አለው መምህሩ።

መልሱ ትክክል ነው። እኔም ብጠየቅ ያንኑ እመልስ ነበር፤ ያውም ከእሱ ቀድሜ፣ ምክንያቱም ጎበዝ መባል የምወድ ሰው ነኝ። ግን አንገቴን ደፍቼ የኪቦርዱን ፊደላት ሳይ ቆየሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ጓደኛዬ አመመሽ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። አላመመኝም። ፊቴ ነበር የጋለው።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜ “ያኔ ልጅ ሳለሁ” ብሎ መጻፍ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ትዝታ ምን ያህል ሩቅ ሊሄድ ይችላል? ቢሆንም ከአሥራ አንደኛ ክፍል ወዲህ ብዙ ያረጀሁ የሚመስለኝ ጊዜ አለ። ሰው የሚያረጀው በዓመት ብቻ ሳይሆን ባፈረበትም ቀን ሳይሆን አይቀርም።

የእኛ ቤት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። አያቴ አባባ ጥላሁን በጉልምስናቸው በሠሩት የጭቃ ቤት ውስጥ አባቴ ተወለደ፤ እኔም እዚያው አደግሁ። ሰፈራችን ሁሉ ዳገት ነው። ከታክሲ ወርዶ ቤት እስኪገባ ድረስ ትልቅ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ቆሞ ይተነፍሳል፤ የሚቆምበትንም ምክንያት አያጣም፤ ወይ ሰላምታ ነው፣ ወይ የተፈታ የጫማ ክር። ከጓሯችን ቀና ቢሉ እንጦጦ ነው። በክረምት ጉሙ ወርዶ የጎረቤታችንን ቆርቆሮ ይውጠዋል፤ በጋ ሲገባ ደግሞ ከላይ የሚወርደው ነፋስ የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ በመስኮት ይገባል። ያንን ሽታ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ፤ አሁን አሁን ግን ጥቂት ይወጋኛል።

አባባ ጥላሁን አራት ልጆች ነበሯቸው። የበኩሩ ጋሼ መኮንን ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ለቅሶም ሆነ ሠርግ እሳቸው ሳይመክሩበት የማይሆን። አባቴ ሰለሞን ሦስተኛው ነው። የመጨረሻዋ እትዬ ፀሐይ ከቤታችን ትንሽ ዝቅ ብላ ትኖራለች፤ ልጆቿና እኔ ከአንድ ትሪ እየተሻማን ነው ያደግነው። ሁለተኛዋ እትዬ ዘነበች ናቸው።

እትዬ ዘነበች በወጣትነታቸው ጴንጤ ሆኑ፤ በቀለ የሚባል ወንጌላዊም አገቡ። አባባ ጥላሁን ዕለት በዕለት እንጦጦ ወጥተው ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ ሰው ነበሩ። “ዘነበች የምትባል ልጅ የለችኝም” አሉ፤ በሩም ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ዘነበች የኖሩት ኮተቤ ነው። ከፈረንሳይ ኮተቤ ሩቅ አገር አይደለም፤ ታክሲ ይዞ የሚደረስበት ነው። በአባባ ቀብር ዕለት መጥተው ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ጃንጥላ ሥር ቆሙ። እኔ ገና ሕፃን ሆኜ ከእናቴ ቀሚስ ጋር ተጣብቄ ስለነበር ፊታቸውን ሳይሆን ጃንጥላውን ነው የማስታውሰው። ድንኳን ግቡ ያላቸው ሰው አልነበረም።

ስማቸው ቤታችን ውስጥ የሚነሣው ድምፅ ተቀንሶ ነበር። ልጆቻቸውማ ስም ይኖራቸዋል ብዬም አስቤ አላውቅ።

አሥራ አንደኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ጋሼ መኮንን ታመው ነበርና፣ ሲያገግሙ አንድ ሐሳብ ይዘው ተነሡ። የአባባ ዘር በሙሉ አንድ ቀን አንድ ላይ ይዋል አሉ። መጀመሪያ የደወሉት ኮተቤ ነው። የደወሉትም እኛ ሳሎን ተቀምጠው፣ ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማ አድርገው ነው፤ ብቻቸውን ፈርተው ይመስለኛል። እኔ ሻይ እያቀረብኩ ነበር። እትዬ ዘነበች መለሱ። “ለብቻዬ ከሆነ ተወው መኮንን። ከነልጆቼ ቆጥራችሁኝ ከሆነ እመጣለሁ።”

“ከነልጆችሽ ነው እንጂ፤ በአባባ አጥንት” አሉ ጋሼ።

ቦታውንም አስበውበት ነው የመረጡት። እህቴ በተባረረችበት ደጃፍ ላይ ቆሜ ግቢ እንዴት እላታለሁ፣ ተራራ ግን የማንም ቤት አይደለም አሉ። እንጦጦ ላይ እንዲሆን ተቆረጠ።

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት አንድ የወጣቶች ማዕከል ውስጥ የሞባይል አፕ አሠራር ሠልጥኜ ነበር። ሠልጥኜ ማለት እንኳ ይበዛበታል፤ ከዝናቡ ሸሽተን የምንገባበት፣ ኮምፒዩተሩን ለሁለት ለሦስት ሆነን የምንጋራበት ክፍል ነበር። አባቴ ግን የምስክር ወረቀቱን በመስተዋት አስደርጎ ሳሎን ሰቅሎታል። ጋሼ መኮንን እሱን ቀና ብለው አዩና፣ “እንግዲያው ቃልዬ፣ የአባባን ዘር በስልክ አድርጊልን” አሉኝ። ስሜ ቃልኪዳን ነው፤ ቃልዬ ብለው ሲጠሩኝ እምቢ ማለት አይሆንልኝም። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር። የወንድም የእህቱን ስም ሲነኩ ልጆቹ ከሥር ይወጣሉ፤ እሳቸው ያነባሉ፤ የተጠራው ብድግ ይላል፤ ቤተሰቡ እልል ይላል። እሺ አልኩ። እሺ ስል እንደምችለው እንኳ አላውቅም ነበር።

የሚሞላ ቅጽ አዘጋጅቼ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቅኩ፤ ጋሼም ወደ ኮተቤ አስተላለፉት። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። አገር ላይ ያለ ቅጽ ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ስለሆነ ሌላ ነገር መጠየቅ ትዝ አላለኝም። የተሞላው ስም አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ይገባል፤ አፑ ከዚያ እየቀዳ ያሳያል። የቸገረኝ አንድ ነገር ነበር። ስሞቹ ተደበላልቀው ሲመጡ ማን ከማን ሥር እንደሚገባ አፑ በምን ያውቃል? ስበላም ስተኛም ሳስብ ከርሜ መልሱን ከስማችን ውስጥ አገኘሁት። እኔ ቃልኪዳን ሰለሞን ጥላሁን ነኝ። ሁለተኛው ስም አባቴን ይናገራል፣ ሦስተኛው አያቴን። ስለዚህ ቃልኪዳንን ከሰለሞን ሥር፣ ሰለሞንን ከጥላሁን ሥር አስገባ ብሎ ማዘዝ ይበቃል። የአበሻ ስም ራሱ መሰላል ነው አልኩ። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ወጥ ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት።

“እና እኔ የት ነኝ?” አለችኝ፣ ድንች እየላጠች።

“እማዬ ደግሞ። አንቺማ በጋብቻ ነው የገባሽው” ብዬ ሳቅኩ። እሷም ሳቀች።

የተሳሳተ ነገር የሚሞላ አይጠፋም ብዬ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ አባቱ ከቤተሰቡ መካከል ያልተገኘ ስም ሲመጣ ዝለለው። ከዚያ ስሞቹ መምጣት ጀመሩ። እኔ አንዲት ፊደል ሳልነካ፣ ከየቤቱ፣ ከየሰው ስልክ እየመጡ እያንዳንዳቸው ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ ማየት እንዴት ደስ ይል እንደነበር ዛሬም ልክድ አልችልም። አባቴን ነካሁት፤ እኔና ወንድሜ ወጣን። ጋሼ መኮንንን ነካኋቸው፤ ልጆቻቸው በሙሉ ወጡ። እትዬ ዘነበችን ነካኋቸው። ነጭ ባዶ ቦታ ተከፈተ።

እዚህ ላይ ነው ትዝታዬ ሁልጊዜ የሚያነክሰው። አልደነገጥኩም። የእሳቸው ነገር ቤታችን ውስጥ ባዶ ሆኖ የኖረ ስለነበር ባዶ ሆኖ ቢከፈት አልገረመኝም። ገና አልሞሉ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ያሳሰበኝ አለማማሩ ብቻ ነበር፤ ጋሼ መኮንን ሲነኩት ነጭ ነገር ቢወጣ ሥራዬ ያላለቀ ይመስላል። ስለዚህ ሕግ አወጣሁ፤ ልጅ ያልመጣለት ስም ቀስት አይኑረው፣ ቢነኩትም አይከፈት። ዝርዝሩ ወዲያው ጸዳ። ሕጉን ያወጣሁት ለአንድ ስም ብዬ ነው፤ እሱ ግን ለሁሉም ይሠራል። ከዚያ በኋላ ሌላ ባዶ ነገር አላየሁም፤ እንዳላይ አድርጌው ነበርና።

ቀኑ ከጥምቀት በኋላ ያለ ቅዳሜ ነበር። በጥር እንጦጦ ላይ ፀሐዩ ይፋጃል፣ ጥላው ይቀዘቅዛል፤ ሰው ጋቢውን ሲደርብና ሲያወልቅ ይውላል። ፓርኩን አልፈን ባሕር ዛፉ ሳሳ ያለበት ሜዳ ላይ ሰፈርን። ከበላያችን ባለው መንገድ ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ፤ ከታች ከተማው በአቧራና በጭስ ተሸፍኖ ተኝቷል። እኔ “አንቺ፣ ዳቦው መኪናው ላይ ቀርቶ እንዳይሆን” እያልኩ እትዬ ፀሐይን እከተላለሁ። እሷ ደግሞ ሰሃን ስትደረድር የምትረግመው ነፋሱን ነው። ድፎ ዳቦው፣ ቀይ ወጡ፣ አይቡ በየተራ ተገለጠ።

እትዬ ዘነበች ከልጆቻቸው ከዮናስና ከሩት ጋር መጡ። ዮናስ ትንሽ ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ነበር። እሳቸው ጭኮ በትልቅ ሳህን ይዘዋል፤ ቅቤው ተሸፍኖም ይሸታል። ጋሼ መኮንን ከሩቅ ሲያዩአቸው ተነሥተው ሄዱ። ሳህኑን ተቀበሉና እሱኑ ታቅፈው ቆሙ።

“ጭኮውን አስቀምጠህ እኔን እቀፈኝ እንጂ” አሉ እትዬ ዘነበች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከሳቁ ቀጥሎ ልቅሶ ሆነ። ሲረጋጋ እኔም ተራዬን ቀርቤ ጉልበት ለመሳም ጎንበስ አልኩ፤ ብድግ አደረጉኝ። እንዴት ነዎት አልኳቸው። የሰለሞን ልጅ ነሽ፣ ዓይንሽ ያው ነው አሉኝ።

ዳቦው ሳይቆረስ ጋሼ መኮንን መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸውን አወጡ። ተራራው ላይ ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር ስሞቹ እስኪመጡ ድረስ ስክሪኑ ላይ የመጠበቂያዋ ክብ እየዞረች ቆየች፤ እኔም በልቤ ማርያምን ስለምን ቆየሁ። መጡ። ጋሼ “መኮንን ጥላሁን” ብለው ራሳቸውን ነኩ፤ ልጆቻቸው ተራ በተራ ሲነሡ እልል ተባለ። በዕድሜ ተራ ቀጥሎ የእትዬ ዘነበች ነበር። ዮናስ ልጁን ከትከሻው አውርዶ ሹራቡን አስተካከለለት። ሩት ከሣሩ ላይ ግማሽ ተነሥታለች።

“ዘነበች ጥላሁን” አሉ ጋሼ፣ ከራሳቸው ስም ይልቅ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ነኩት። ደግመው ነኩት። መነጽራቸውን ዝቅ ከፍ አደረጉ። “አይከፈትም። ቃልዬ፣ ነይ እስቲ፤ ጣቴ ነው እንዴ?”

ሄድኩ። ሰው ሁሉ ያየኛል። በዚያች ቅጽበት ያሰብኩት ስለ እትዬ ዘነበች ወይም ስለ ልጆቻቸው አልነበረም። አፑ ተበላሸ እንዳይባል ነበር። ተበላሽቶ ሳይሆን ሆን ተብሎ እንዲህ እንደተሠራ ላስረዳ ፈለግሁ፤ በሥልጠናው ቋንቋ፣ ከኋላ ያሉትም እንዲሰሙ ጎላ አድርጌ። “አልተበላሸም ጋሼ” አልኩ። “ቀስት ከሌለው ልጅ የለውም ማለት ነው። እሳቸው ልጅ የላቸውም።”

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት።

ሩት ቀስ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። ዮናስ ሳቅ አለ፣ ሳቁ ግን የሳቅ አልነበረም። “እንግዲህ እኛ ከሰማይ ነው የወረድነው” አለ።

“ተወው ዮኒ” አሉ እትዬ ዘነበች። ፊታቸው አልተለወጠም። “ልጅቷ ያለውን ነው ያነበበችው።”

ጋሼ መኮንን ስልኩን እንደያዙ ወደ እሳቸው ተጠጉ። “ስሕተት ነው ዘነቡ። በአባባ አጥንት፣ ስሕተት ነው።”

“የአባባን አጥንት ተወው መኮንን።”

ነፋሱ ባሕር ዛፉን ሲያንሿሿው ይሰማል። እትዬ ፀሐይ እጇ ላይ ያለውን ወጥ በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ መጣችና ስልኩን ከጋሼ እጅ ወሰደች። የራሷን ስም ፈልጋ ነካችው። እንደገና ነካችው። “ኧረ እኔም አልከፈትም” አለች። “ስድስት ወልጄ፣ ስድስቱንም አጥብቼ፣ መጨረሻዬ መካን መሆን ነው? እናንተ፣” ብላ ወደ ልጆቿ ዞረች፣ “ይኼን ሁሉ ዓመት እንጀራዬን ስትበሉ የኖራችሁት የማን ልጆች ናችሁ?”

ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሞልተው ልከው ነበር። ዮናስ በቀለ፣ ሩት በቀለ፤ የእትዬ ፀሐይም ልጆች ሁሉ። አፑ በቀለ የሚባል ሰው ከአባባ ልጆች መካከል ፈለገ፣ አጣ፣ እንዳዘዝኩት ዘለላቸው። መሰላል ያልኩት ስም የሚያወጣው በወንድ በኩል ብቻ ነው። የሴት ልጅ ልጆች የሚረግጡት ደረጃ አልሠራሁላቸውም። እኔ ራሴ ሴት ነኝ፤ ነገ የምወልደው ልጅ በገዛ እጄ በሠራሁት ቤተሰብ ውስጥ መግቢያ አልነበረውም።

ይህንኑ እየተንተባተብኩ ለማስረዳት ሞከርኩ። እንባዬ መጣ። እንባዬ ሲመጣ ደግሞ የባሰው ሆነ፤ ዘመድ ሁሉ እኔን ከበበኝ። አይዞሽ አሉኝ፣ ልጅ ነሽ አሉኝ፣ ቴክኖሎጂ መቼ ይታመናል አሉኝ። አንዷ ውኃ አመጣችልኝ። በውኃው ብርጭቆ በላይ ሳይ እትዬ ዘነበች በተቀመጡበት ብቻቸውን ነበሩ፤ እሳቸውን አይዞሽ ያለ አልነበረም።

ጋሼ መኮንን ስልኩን ኪሳቸው ከተቱና በቃላቸው ሊጠሩ ተነሡ። ዮናስን ጠሩ፣ ሩትን ጠሩ። የዮናስ ልጅ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ወደ ዮናስ ጎንበስ ብለው ስሙን ጠየቁት፤ ቀስ ብለው ነበር የጠየቁት፣ ግን ሁላችንም ሰማን። እልልታው ቀለጠ። ለማካካስ የሚባል እልልታ ከሌላው ይረዝማል፤ ያስታውቃል።

ምሳው ተበላ። ጭኮው ተወደደ፣ ተመሰገነ። የቤተሰቡ ፎቶ ከመነሣቱ በፊት እትዬ ዘነበች ሕፃኑ በረደው ብለው ተነሡ። ጋሼ ሸኚያቸው አሉኝ። ዮናስና ሩት ልጁን ይዘው ቀድመው ወረዱ፤ እኔና እሳቸው በደረቀው የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ቀስ እያልን ተከተልናቸው። ጉልበታቸው ያማቸዋል መሰለኝ፣ ቁልቁለቱ ላይ ክንዴን ያዙ።

“እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ” አልኩ። “ስማቸው አለ። እኔ ነኝ ያላየሁት።”

“ገብቶኛል። ስታስረጂ ሰምቼሻለሁ።” ጥቂት ተራመድን። “ፀሐይን አንቺ ነው የምትያት። ጠዋት ስለ ዳቦው ስታወሪያት ሰማሁሽ። እኔን እርስዎ አልሽኝ።”

“ለክብር ነው” አልኩ።

“አውቃለሁ የኔ ልጅ። እንግዳም ይከበራል።”

ታክሲው ጋ ስንደርስ ግንባሬን ሳሙኝ። ደህና ዋይ ሲሉኝ አንቺ ብዬ ልመልስ አፌን ከፍቼ ነበር፤ የወጣው ግን ደህና ይዋሉ ነው።

በማግስቱ ተቀምጬ አረምኩት። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም፤ ካሳፈሩኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ቅጹ ላይ “በማን በኩል ነው የምትዛመዱን?” የሚል አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፤ አፑም ማንን ከማን ሥር እንደሚያስገባ በመልሱ እንዲያውቅ አደረግሁ። እናቴን ጨምሮ በጋብቻ የገቡትም ቦታ አገኙ። የቀስቱን ሕግ አጠፋሁት፤ ባዶ የሆነ ስም ሲነካ “ገና አልተሞላም” ይላል። ዳግመኛ እንዳልሳሳት በጣም ስለፈራሁም የሚመጣ ስም ሁሉ መጀመሪያ እኔ ጋ እንዲቆም፣ አይቼ ሳጸድቅ ብቻ እንዲገባ አደረግሁ። ጋሼ መኮንን ኮተቤ ደውለው ተስተካክሏል አሉ። ደግ ነው አሏቸው እትዬ ዘነበች።

በቀጣዩ ጥር እዚያው ሜዳ ላይ ተሰበሰብን። “ዘነበች ጥላሁን” ሲነካ እንደ አበባ ተከፈተ፤ ዮናስ፣ ሩት፣ የዮናስ ልጅ፣ ሁሉም በየቦታቸው። የሚነሣ ሰው ግን አልነበረም። ከኮተቤ ሰው አሞብን ነው ብለው ቀርተዋል። ጋሼ ስማቸውን እስከ መጨረሻው አነበቡ። እልል ልበል አልበል ብሎ ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

የላቡ ዕለት ከሰዓት በኋላ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ካፌ ስወጣ ስልኬ ነዘረ። አዲስ ስም መጥቶ ማጽደቄን እየጠበቀ ነበር። ሶስና ዳንኤል ይላል። በማን በኩል ነው የምትዛመዱን ለሚለው፣ “በአያቴ በዘነበች” ተብሎ ተሞልቷል። ከሩት ስልክ ነው የመጣው፤ አዲስ የወለደቻትን ልጇን ወክላ የጻፈችው። ከሥሩ እኔ ያስቀመጥኳቸው ሁለት ቁልፎች ነበሩ። አንዱ “አጽድቅ”፣ ሌላው “ሰርዝ”።

መንገዱ መሐል ቆሜ ቀረሁ። አንዲት ሕፃን ወደ ገዛ ቤተሰቧ ልትገባ የእኔን ፈቃድ እየጠበቀች ነው። ያኔ የቀስቱን ሕግ ሳወጣም፣ በኋላ ይህንን ሳበጅም ክፉ አላሰብኩም፤ ሥራዬ እንከን እንዳይኖረው ነበር የፈለግሁት። እንከን እንዳይኖረው ስል ግን ሁለት ጊዜ በር ላይ ቆምኩ። አጸደቅሁት፤ ወዲያውም ደረጃው ላይ ተቀምጬ ላፕቶፔን ከፈትኩና ማጽደቅ የሚባለውን ነገር ከነጭራሹ አነሣሁት። ተሳስቶ የሚሞላ ካለ ይሳሳት።

ከዚያ አባቴ ጋ ደወልኩ። ሩት ወልዳለች አልኩት።

“የትኛዋ ሩት?”

“የእትዬ ዘነበች።”

“እሺ” አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። ሰው ሲያፍር በስልክም ያስታውቃል። ከዚያ አራስ ለመጠየቅ ተጠርቶ አይኬድም አለኝ፤ ቅዳሜ ከመጣሽ አብረን እንሂድ። እኔ እንደ ልማዴ ስገባ የምለውን አስቀድሜ ማወቅ ፈለግሁ። እኛ ቤት እንኳን ማርያም ማረችሽ ነው የሚባለው፤ እነሱ ጋ ደግሞ እንኳን ጌታ ማረሽ። ስሙን ልተወው ብል እንኳ ግሱ ያሳብቅብኛል፤ በማረችሽና በማረሽ መካከል አንዲት “ች” አለች፣ ከየትኛው ቤት እንደመጣሁ የምትናገር።

“እንደመጣልሽ በይ” አለኝ አባቴ። “እኔ ይኼን ሁሉ ዓመት እህቴ ቤት ያልሄድኩት ቃል ስመርጥ ነው። ብትሳሳቺ ያርሙሻል።”

ቅዳሜ እንሄዳለን። አሁንም አፍራለሁ፤ በሩ ላይ ስደርስም ማፈሬ አይቀርም። እስከ ዛሬ ግን ያፈርኩት ሁሉ ከሩቅ ሆኜ ነው፤ ላብ ውስጥ፣ ካፌ በር ላይ፣ አልጋዬ ላይ ተጠቅልዬ፣ ማንም ሳያየኝ። ከሩቅ ማፈር ቀላል ነው። ሰው ፊት ቀርቦ ለማፈር ግን ታክሲ መያዝ ያስፈልጋል።